የቀይዋ ጣውንት

አንድ የማይነዳት ጉልበተኛ መኪና ጋራዥ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው፣ በየቀኑ የሚነዳት ሌላ ጉልበተኛ መኪና ለምን ይገዛል? ሳቢራ ባሏን ይህን ስትጠይቀው ሙኒብ ቶሎ መለሰላት። ቶሎ የሚመጣ መልስ ደግሞ አንዳንዴ እውነት ነው፣ አንዳንዴ ጠያቂን መሸኛ ነው። የእሱ የትኛው እንደነበር ያን ጊዜ ራሱም አያውቀውም።

«ቀይዋ ትራፊክ አትችልም» አላት። «መንገድ ሲዘጋጋ ሞተሯ ግሎ ሂት ታደርጋለች። ሥራ በምን ልሂድ?»

«ሰው በቶዮታ ይሄዳል» አለች ሳቢራ።

ቀይዋ የስልሳ ዘጠኝ ሞዴል ናት፤ አሜሪካኖች ማስል ካር ከሚሏቸው፣ ከኮፈናቸው ሥር ለጭነት መኪና የሚበቃ ሞተር ከተሸከሙት አንዷ። ሙኒብ ከአንድ ጡረተኛ ፈረንጅ ሲገዛት ሰውየው ቁልፉን አስረክቦ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሙኒብ ያንን እንደ አደራ ቆጠረው። በረዶ በጣለ ቁጥር ጨው የሚነሰነስበትን አስፋልት አላስረገጣትም። በዝናብ አላወጣትም። እሑድ ጠዋት፣ መንገዱ ባዶ ሳለ፣ የአሮጌ መኪና ወዳጆች ወደሚሰበሰቡበት ሜዳ ወስዶ ያቆማታል፤ ፈረንጆቹ ዙሪያዋን እየዞሩ ያደንቃሉ፤ ሙቀቱ ሳይበረታ ወደ ቤቷ ይመልሳታል።

አንዴ ብቻ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሥራ መውጫ ሰዓት ይዟት ወጣ። ሁለት መቶ ሃያ አምስት ሀይዌይ ላይ መኪናው ሁሉ ተያይዞ ቆሟል። ቀይዋ ጥቂት ታገሠች፤ ከዚያ በኮፈኗ ጠርዝ እንፋሎት ይወጣ ጀመር። ተጎትታ ለገሠ ጋ ሄደች። ለገሠ ብሎን እያላላ መዝሙር የሚዘምር ሜካኒክ ነው። ራዲያተሯንም ማራገቢያዋንም በአዲስ ቀይሮ፣ «ሙኒቤ፣ ከእንግዲህ አፋር ብትወስዳት አትሞቅም፤ ጌታ ይመስገን» አለው። ሙኒብ «አሚን» ብሎ ወሰዳት። አፋር ቀርቶ እዚያው ሀይዌይ ላይ እንኳን አልመለሳትም። ሸራ አለበሳትና ወር ሳይሞላው ሌላዋን ጉልበተኛ፣ ጥቁሯን ቻሌንጀር፣ ገዛ።

ጥቁሯ የሥራ ናት። ቤቱ ካለበት ከቻምበርስ ሮድ ዳውንታውን ዴንቨር፣ እሱ ሱፐርቫይዘር ወደሆነበት የፓርኪንግ ሕንፃ፣ በየቀኑ ታደርሰዋለች። ማታ ከምድር ቤት ወደ መንገድ ሲያወጣት ድምጿ በኮንክሪቱ መሃል ያስተጋባል። ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ሲያስቆምና ሲያስነሳ የዋለ ሰው ለዚያች ድምፅ የሚሰጠውን ዋጋ ሳቢራ አልተረዳችውም፤ ሊያስረዳትም አልሞከረም። የጥቁሯ የኋላ ወንበር ላይ መስገጃ፣ የምሳ ዕቃና የሳቢራ ሻርፕ አይጠፋም።

ሳቢራ ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር ያየች ቀን «ጣውንት አመጣህባት!» ብላ ሳቀች። ስሙ ወጣላት። ጓደኞቹ ሁሉ ጥቁሯን «የቀይዋ ጣውንት» ይሏት ጀመር። ሙኒብም አብሮ ይስቃል። ድሮም ሁለት ነገር ሳይዝ የማይረጋ ሰው ነው፤ ባንጋሎር ተምሮ አዲስ አበባ ሲመለስ መመለሱን ተጠራጠረ፤ ዴንቨር ሲመጣ ደግሞ መምጣቱን።

ዴንቨር የመጣ ጊዜ በአንድ ክፍል አብሮት የኖረው አብዱልናስር ነው። በአንድ ድስት በልተዋል፤ አንድ ካፖርት ተፈራርቀው ለብሰዋል። አብዱልናስር የኤርፖርት ታክሲ ሾፌር ነው። ሚስቱ ልጃቸውን ሰሀርን ስታምጥ እሱ መንገድ ላይ ስለነበር ሆስፒታል ያደረሳት ሙኒብ ነበር። ሰሀር ጥርሷን በምትቀይርበት ዕድሜ ቀይዋ ውስጥ ተቀምጣ «ስዳር በዚህ ነው የምሄደው» ስትል፣ ሙኒብ «ወላሂ፣ በዚህችው ነው! እኔው ነድቼ» አላት። አብዱልናስር አጠገባቸው ቆሞ ነበር። «ምስክር ነኝ» አለ።

እነሱ መሃል ወላሂ እንደ ጨው በየነገሩ ይነሰነሳል፤ «ወላሂ ጠግቤአለሁ»፣ «ወላሂ እደውልልሃለሁ»። ሙኒብም እንደዚያው ነበር ያላት። ልጅቷ ግን አልረሳችውም።

ከሰሀር ሰርግ በፊት ባለው ሳምንት፣ እሑድ ከሰዓት፣ አባትና ልጅ መጡ። ሙኒብ ጋራዡን ከፍቶ ቀይዋን በጨርቅ ይወለውላል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ የሁለት ሚስቶች ባል!» አለ አብዱልናስር ገና ከታክሲው ሳይወርድ።

«ወአለይኩሙ ሰላም። አንተ አንዷም ከብዳሃለች፣ ዝም በል።»

ሰሀር እየሳቀች ቀጥታ ወደ ቀይዋ ሄደች። እጇን ከኮፈኑ በላይ፣ ሳታስነካ፣ አሳለፈች። የጣት አሻራ እንደማይወድ ከልጅነቷ ታውቃለች።

«አንክል፣ ሺ ኢዝ ሶ ቢዩቲፉል። አበባው ነጭ ይሁን ብያለሁ። ቀይ ላይ ነጭ ፐርፌክት ነው።»

«የምን አበባ?»

«የመኪናዋ ነዋ!» አለ አብዱልናስር። «ቅዳሜ ከዙህር ሶላት በኋላ ከቤት እናነሳታለን፤ በኮልፋክስ ጎዳና ሲቲ ፓርክ፣ እዚያ ፎቶ፣ ከዚያ አዳራሽ። አንተው ትነዳለህ። ሌላ ሰው መሪዋን አይነካም ብዬአቸዋለሁ።»

ሙኒብ ጨርቁን አጠፈ፤ መልሶ ዘረጋው። የሰርግ አጀብ እንዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ቪዲዮ አንሺው ከፊት በሳንሩፍ አንገቱን አውጥቶ «ቀስ! ቀስ!» እያለ በእጁ ምልክት ይሰጣል፤ ከኋላ ያለው ሁሉ ፍሬቻ አብርቶ፣ ክላክስ እየነፋ፣ እንደ ኤሊ ይከተላል። ኮልፋክስ ላይ ደግሞ አሥራ አምስት ቁጥር ባስ በየፌርማታው ይቆማል። በጁላይ ፀሐይ።

«ጥቁሯን ልስጣችሁ» አለ።

«ጥቁሯን?»

«አዲስ ናት። ኤሲዋ ይሠራል። ሙሽራ በዚህ ሙቀት—»

«ጥቁር መኪና ለሙሽራ? ቀብር ልንሸኝ ነው እንዴ?»

«ነጭ አበባ ሲደረግባት እኮ ያምርባታል።»

«አንተ ሰው፣ ሥራ የምትመላለስባትን፣ የምሳ ዕቃህ ያለባትን ነው ለልጄ የምትሰጣት?»

«ቀይዋ አትችልም፣ አብዱ። በዝግታ ስትሄድ ሂት ታደርጋለች። መሃል ኮልፋክስ ላይ ብትቆምስ? ሰሀር በቬሎ ወርዳ ልትገፋ ነው?»

አብዱልናስር ቀይዋን አየ፤ ሙኒብን አየ። «በየእሑዱ ለፈረንጅ ስታሳያት ሂት አታደርግም። ለልጄ ሲሆን ሂት ታደርጋለች።»

«እሑድ መንገዱ ባዶ ነው፣ ጠዋት ነው—»

«ወላሂ ብለሃል» አለ አብዱልናስር። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ከፍ ቢያደርግ ይሻል ነበር።

ሰሀር መሃላቸው ገባች። «ባባ፣ ኢትስ ኦኬ። ሊሞ እንከራያለን። ሪሊ፣ አንክል፣ ኢትስ ፋይን።» ፈገግ ብላ ነው ያለችው፤ የፈለገችው ጫማ በቁጥሯ እንደሌለ የተነገራት ደንበኛ ባለሱቁን እንደምታጽናና።

አብዱልናስር ታክሲው ውስጥ ገብቶ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። «ለፈረሰ መሐላ ማካካሻ፣ ከፋራ፣ አለው፤ አሥር ድሃ ማብላት፣ ያ ካቃተህ ሦስት ቀን ጾም ነው። ጹመው። ከመኪናዋ ይቀልሃል።»

ሳቢራ ሁሉንም በኩሽናው መስኮት ሰምታለች። ራት ላይ ጠየቀችው።

«እውነትህን ነው?»

«ምኑን?»

«ሂት ማድረጓን። ለገሠ ከሠራት ወዲህ አይተሃል?»

«ሜካኒክ ሁሉ ተስተካክሏል ነው የሚለው።»

«እኔ የጠየቅሁህ አንተን ነው፤ ሜካኒክን አይደለም።»

ሙኒብ እንጀራውን ጠቅልሎ ጎረሰ፤ አፉ ሙሉ ስለሆነ መልስ አይጠበቅበትም። እውነቱን ማወቅ እኮ ቀላል ነበር። አንድ ከሰዓት ይዟት ወጥቶ ኮልፋክስ ላይ ከባስ ኋላ ማንፏቀቅ ነው። ሂት ካደረገች እውነተኛ ሰው ነው፤ አብዱልናስርን ጠርቶ ያሳየዋል። ካላደረገችስ? ያን ጊዜ የሚፈርሰው ለሰሀር የተናገረው ብቻ አይደለም። ጥቁሯ በምን ምክንያት እደጁ ቆመች? ቀይዋስ ይህን ያህል ዘመን ለምን ሸራ ለበሰች?

ስለዚህ አልሞከራትም። አንድ ቀን ሰማዩ ጠቁሮ ዝናብና ጠጠር በረዶ ይጥላል ተባለ፤ ሌላ ቀን ተረኛው ቀርቶ እሱ ተክቶ ሠራ፤ በቀሩት ቀናት ምክንያት እንኳን አልፈለገም። ለአብዱልናስር ሁለቴ ደወለ። ሁለቴም «ፓሴንጀር ይዣለሁ፣ እደውልልሃለሁ» ተባለ። ወላሂ አልጨመረበትም።

ቅዳሜ ሳቢራ ሙሽራዋ ቤት ያሉትን ሴቶች ልታግዝ በጠዋት ወጣች። በር ላይ ዞር ብላ፣ «እንደ እንግዳ በሰዓቱ ብቻ እንዳትመጣ። ቀደም ብለህ ና፣ ወንበርም ቢሆን አንሳ» አለችው።

ሙኒብ ሱፉን ለበሰ። የጥቁሯን ቁልፍ ይዞ ወረደ፤ ጋራዡ ውስጥ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ተመልሶ ወጥቶ የቀይዋን ቁልፍ አመጣ። ሸራውን ሲገፍፍ ሱፉ አቧራ ነካው፤ አላራገፈውም።

ኮልፋክስ ቅዳሜ እንደሚሆነው ሆኗል። ፀሐዩ አናት ላይ ነው። ከፊቱ አሥራ አምስት ቁጥር ቆማ ሰው ታወርዳለች፤ ሊያልፋት ይችል ነበር፤ አላለፋትም። በቆመች ቁጥር ቆመ፤ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ተንቀሳቀሰ። ኤሲ የላትምና ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። ዓይኑ ከሙቀት መለኪያዋ አልተነሳም። ቀስቷ ከቀዝቃዛው ተነሥታ መሃል ደረሰች። መሃሉን ትንሽ አለፈች። «ይኸው» አለ ሙኒብ ጮክ ብሎ፤ የሆነ ነገር ከደረቱ ላይ የተነሣለት መሰለው። ቀስቷን «በይ፣ ውጪ፣ ጨምሪ» እያላት እንደሆነ የገባው ያኔ ነው። የገዛ መኪናውን፣ አሻራ እንኳን የማያስነካትን፣ እንድትቃጠል እየለመናት ነበር።

ማራገቢያዋ አጉረመረመ። ቀስቷ ዝቅ አለችና መሃል ላይ ቆመች።

የሐበሻ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ በር ላይ ምናሉ፣ ባለሱቁ፣ ካርቶን ያወርዳል። ክራቫት ያሰረውን ሙኒብን ሲያይ ካርቶኑን እንደያዘ ጮኸ።

«ሙሽራዋን ልታመጣ ነው?»

«እየሞከርኳት ነው!»

«ዛሬ? ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ!» ምናሉ ሳቀ፤ ከኋላ ያለው መኪና ጡሩምባ ነፋ።

ሙኒብ ሄዶ ሄዶ ተመለሰ፤ ሌላ ባስ አግኝቶ ተከተላት። ቀስቷ ከመሃል አልነቃነቅ አለች። በመጨረሻ አንድ የተዘጋ ሱቅ ፊት ለፊት ጥላ የሌለበት አስፋልት ላይ አቆማት፤ ሞተሩን ግን አላጠፋም። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። መዳፉን ወደ ራዲያተሩ አስጠጋ። የሚወጣው ሙቀት ሞተር ያለው ነገር ሁሉ የሚያወጣው ነው። አንዲት ጠብታ ውሃ የለም፤ እንፋሎት የለም። ለገሠ እውነቱን ነበር። ጉልበቷን ሰብስባ፣ ያለ አንዳች ስሞታ፣ ሞተሯ በዝግታ እየዞረ ቆማለች።

ሰዓቱን አየ። ዙህር ገና ነው። ሙሽራዋ ቤት ሩቅ አይደለም። አምጣት ሳይባል ይዟት ሄዶ ደጃፍ ላይ ቢቆምስ? የተከራዩት ሊሞ አበባውን ለብሶ ቆሞ ይሆናል። ልጅቷን በዘመድ ፊት ይኼኛው ይሁን ያኛው ማሰኘት ከመጀመሪያው የባሰ ነው። አንድ ቃል ከአባቷ ቢመጣ ግን አበባውን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዘዋወር የደቂቃዎች ሥራ ነው። ስልኩን አወጣ።

«አብዱ፣ መኪናዋ አልተመቸቻትም ነበር» ብሎ ጻፈና ምን ማለት እንደሆነ ስላልገባው አጠፋው። «ለገሠ በደንብ ሠርቷታል» ብሎ ጻፈ፤ አጠፋው። ላቡ ስክሪኑ ላይ ጠብ ሲል በክራቫቱ ጠረገው። በመጨረሻ እንዲህ ብሎ ላከ፦

«አብዱ፣ ቀይዋን አሁን ኮልፋክስ ላይ ከባስ ኋላ ነዳኋት። ሂት አታደርግም። እስከ ዛሬ አልሞከርኳትም ነበር። ለብሼአለሁ፣ ቅርብ ነኝ። እሺ ካልከኝ ለሰሀር ላምጣት።»

ሁለቱ ምልክቶች ወዲያው ሰማያዊ ሆኑ። አንብቦታል። ሙኒብ ኮፈኑን ዘግቶ ስልኩን ጠርዙ ላይ አስቀምጦ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ መልስ እየጠበቀ የዙህር አዛን ሰዓት እስኪያልፍ ቆመ።

አዳራሹ በር ላይ አብዱልናስር አቅፎ ተቀበለው፤ ሳህኑንም በእጁ ሞላለት፣ «ብላ እንጂ፣ ምን ሆነሃል?» አለው። በኢድም ቤቱ ድረስ መጣ። ለመልእክቱ ግን ያን ቀንም ሆነ ከዚያ ወዲህ መልስ አልሰጠም።