ቅይጥ

«ነገ ሐሙስ ነው» አሉ እማማ ሑስና፣ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው የሚነግሩ ይመስል።

ፍራሽ ላይ የተደረደሩት ሴቶች ቀና አሉ። ነገ ሐሙስ መሆኑ ማንንም አልጠፋውም። ከሪማ ማክሰኞ ጠዋት ቅቤ ተራ ያለችውን ሱቋን ልትከፍት ሄዳ፣ ቁልፉን በእጇ እንደያዘች ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ቀረች። ደም ግፊት ነው አሉ። በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ ተቀበረች። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ነገ የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ሐሙስ ላይ ይውላል። አዳማ ውስጥ ከሪማን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሐሙስ ለእሷ ምን እንደነበረ ያውቃል።

«ዱዓዋን ሳናደርግላት ድንኳኑ አይፈርስም» ሲሉ ቀጠሉ እማማ ሑስና።

«እሱ መች ይፈቅድና!» አለች አንዷ፣ በአገጯ ወደ ወንዶቹ ድንኳን እያመለከተች። ድምጿን ዝቅ ያደረገች መስሏታል። «እናቱን ከዱዓዋ ያስቀረ ልጅ ለእኛ ሊፈቅድ?»

«ተይ እንጂ፣ ሐዘንተኛ ነው።»

«ሐዘንተኛስ ነው። እኔ መች አይደለም ወጣኝ?»

ለቅሶ ቤት እንባ ቢያልቅ ሐሜት አያልቅም። የከሪማ ሴት ልጅ ኑሰይባ ጥግ ላይ ጥቁር ሻርፗን ወደ ግንባሯ ስባ ሁሉንም ትሰማለች። ወንድሟ ሲታማ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ እሷም ያንኑ ስለምታምን ነው። ጠሃ የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ እናቱን «ሶላትሽን ትሰግጃለሽ፣ ጾምሽን ትጾሚያለሽ፤ ይሄ የሐሙስ ጉባኤ ለምን አስፈለገሽ? ከየት የመጣ ነው?» ብሎ ሲሟገታት ቤት ውስጥ ነበረች። ከሪማ ያኔ ሳቀችበት። «ከእናቴ ነዋ የመጣው፤ አንተስ ከየት መጣህ?» አለችውና ወደ ጓዳ ገባች። ዓመት ሳይሞላ ግን ሐሙሷን ድንገት እርግፍ አድርጋ ተወች። ሰው ነገርን ከነገር አገናኘ። ጠሃም የሞባይል ጥገና ቤቱ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ሲሠራ ይውላል እንጂ እኔ አይደለሁም ብሎ አያውቅም።

ከሪማ ከወሎ ሙሽራ ሆና ወደ አዳማ የመጣች ሴት ናት። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ጠሃ ስድስት ዓመት፣ ኑሰይባ ደግሞ ገና ጡት ሳትተው መተሐራ መንገድ ላይ ሞተ። ሁለቱን ልጆች ያሳደገቻቸው በቅቤ ነው። ከአርሲ ነገሌና ከሁሩታ በኮባ ተጠቅልሎ የሚመጣውን ቅቤ ከመሃሉ በጣቷ ቆንጥራ እጇ ጀርባ ላይ ታሸዋለች፤ ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ታሸተዋለች፣ ትቀምሰዋለች። ሙዝ ቢገባበት፣ ሞራ ቢቀላቀልበት አያመልጣትም። ገዢው፣ ሻጩ፣ ደላላው አፏን ያያል። «ለጋ ነው» ካለች ያልፋል። «ቅይጥ ነው» ካለች ግን ያ ቅቤ በዚያ ቀን ወደ መጣበት ሚኒባስ ይመለሳል። ከአፏ ሌላ ስድብ ሲወጣ የሰማ የለም። ሌባን እንኳ ሌባ አትልም፤ የመጨረሻ ስትናደድ «ምን ዓይነት ቅይጥ ሰው ነው!» ብላ ታበቃለች።

ሐሙስ ከሰዓት ግን ሱቋን ዘግታ ቤቷ ትገባለች። ሴቶቹ ይመጣሉ። በነቢዩ ላይ ሰላዋት ይወረዳል፣ ዱዓ ይደረጋል፤ ግማሹ በዐረብኛ፣ ግማሹ በአማርኛ፣ የአርሲዎቹ ተራ ሲደርስ በኦሮምኛ። ጎረቤቷ ሮማነወርቅ፣ ገበያ ላይ አጠገቧ በርበሬ የምትሸጠው፣ አንገቷ ላይ ማዕተቧን አስራ እንደ ማንም ትቀመጣለች። ከሪማ ለሮማነወርቅ ልጆች ስትለምን «በእመቤቷ፣ በምትወጃት» ብላ ትጨምርላታለች። ሌሎቹ «አሚን» ሲሉ ሮማነወርቅ «አሜን» ትላለች። ይሄን ያህል ነው።

ኑሰይባ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የዓለም ሃይማኖቶች ጥናት ሲደርሳት ገበያው ሁሉ ተገርሞ ነበር።

«ልጅሽ ምን ትማራለች?»

«ሃይማኖት።»

«የማንን?»

«የሰውን ሁሉ።»

«ታዲያ ስትጨርስ ምን ልትሆን ነው?»

ከሪማ ትንሽ አሰብ አድርጋ «ጥሩ ጎረቤት» አለች። ቅቤ ተራው ሳምንቱን ሙሉ ሲስቅበት ሰነበተ። ኑሰይባ ለእረፍት ስትመጣ እናቷ ሬሳ ስለሚያቃጥሉት ሕንዶች፣ ሰባት ቀን መሬት ላይ ተቀምጠው ስለሚያለቅሱት አይሁዶች እንደ ተረት ታስነግራት ነበር። «አየሽ፣ ሁሉም አልቅሶ አይጠግብም» ትላለች በመጨረሻ።

የመመረቂያ ጽሑፍ ጊዜ ሲደርስ ኑሰይባ ሩቅ አልሄደችም። አምስት ሐሙስ እናቷ ቤት ተቀምጣ ያየችውን የሰማችውን ጻፈች፤ ከክፍሉ አንደኛ ወጣችበት።

ረቡዕ ከዐስር ሶላት በኋላ ነፋሱ የግቢውን አቧራ ሲያስነሳ፣ ኑሰይባና ሮማነወርቅ ቧንቧው ሥር ተቀምጠው የለቅሶውን ስኒና ብርጭቆ ያጥባሉ።

«እትዬ ሮማን፣ ጠሃን ዛሬ አናግረዋለሁ» አለች ኑሰይባ። «በሕይወት እያለች ያስተዋት ሳያንስ ከሞተች በኋላ ሊከለክላት አይችልም።»

ሮማነወርቅ የያዘችውን ስኒ ሁለቴ አለቀለቀችው፤ ንጹሕ ነበር።

«ጠሃ አይደለም» አለች።

«እንዴት ጠሃ አይደለም?»

«ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ እናትሽ አስምላኝም ነበር። ግን ልጁ ሁለት ቀን ሙሉ በሌለበት ሲበላ ዋለ። አልቻልኩም።» ስኒውን አስቀመጠች። «ያቺን በአማርኛ ጽፈሽ የሰጠሻትን ወረቀት ታስታውሻለሽ?»

ኑሰይባ ታስታውሳለች። ዋናው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነበር። እናቷ «እኔም ይድረሰኝ እንጂ፣ በአማርኛ ጻፊልኝ። ሰው ያነብልኛል» ብላ ስለለመነቻት፣ ከመመረቋ ዋዜማ ማደሪያ ክፍሏ ውስጥ እየተቻኮለች በሁለት ገጽ አሳጥራ ጻፈችላት። አንድ ቃል ብቻ አስቸገራት። አንዱ እምነት ከሌላው ጋር ተሳስሮ አብሮ ሲኖር የሚጠራበት፣ መምህሯ በየክፍለ ጊዜው የሚደጋግመው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። «ውሕደት» ልትል አሰበች፤ የቤተ ክርስቲያን መሰላት። «ድብልቅ» አለች፤ የከብት መኖ መሰላት። ከዚያ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ «ቅይጥ ኢኮኖሚ» የሚለው ትዝ አላት። የተማረ ሰው ቃል ይመስላል። «በከሪማ ቤት የሚደረገው ጸሎት የቅይጥ እምነት ዓይነተኛ ምሳሌ ነው» ብላ ጻፈችና መብራቱን አጠፋች።

«ገበያ ይዛት መጣች» አለች ሮማነወርቅ። «ቅቤ እንዳይነካት በፌስታል ጠቅልላ። ሁሉን ሰው ጠራች። የኔዋ ፍሬሕይወት እንድታነብላት አስቆመቻት። በታይፎይድ ልትሞትብኝ ስትል እናትሽ ሦስት ሐሙስ ዱዓ ያደረገችላት ልጅ እኮ ናት። ስታነብ፣ ስታነብ፣ እዚያ ላይ ስትደርስ እናትሽ "ድገሚው" አለቻት። ደገመችላት። "ቅይጥ ይላል?" "አዎ፣ ይላል።" ቅቤ ተራው ሁሉ አፏን አየ።»

«እትዬ ሮማን፣ እንደሱ ማለቴ አልነበረም! ቃሉ እኮ ሌላ ነው፣ በትምህርቱ ነውር የለበትም...»

«ይሆናል። እሷ የምታውቀው ቅይጥ ግን አንድ ነው።» ሮማነወርቅ እጇን በቀሚሷ አደረቀች። «እኔ ተናደድኩ። ይቺ ልጅ ምን ታውቃለች አልኩ፤ ይቅር በይኝ። እናትሽ ግን አልተናደደችም። ብትናደድ ይሻል ነበር። "ሮማን፣ እኔ ቀምሼ ቅይጥ ነው ስል ሰው የሚያምነኝ ሥራዬ ስለሆነ አይደለም? እሷም አራት ዓመት የሰውን ሁሉ ጸሎት ስትቀምስ ነው የከረመች። ካለች ነው" አለችኝ። ከዚያ ቆየችና "ለሰው ንጹሑን እየሸጥኩ፣ ለአላህ ቅይጡን ሳቀርብ ነው የኖርኩት?" አለች። ለልጆቼ ላደረገችው ዱዓ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔን! ልጄ በሕይወት ቆማ እያየኋት!»

ኑሰይባ ባልዲው ላይ ተደገፈች።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽስ? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ደግሞ "ልጄ በትምህርቷ እንዳትሳቀቅ" ብላ በልጆቼ አስማለችኝ።»

ያኔ ነው እናቷ ጥር ላይ የደወለችላት ትዝ ያላት። ኑሰይባ አዲስ አበባ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ታክሲ እየጠበቀች ነበር። እናቷ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ቤት ኪራይዋ ጠይቃት ጠይቃት፣ ሊዘጉ ሲሉ «ኑሲ፣ እኔ የምልሽ» አለች። «ቅይጥ የሆነ ነገር መልሶ ይጠራል?»

ኑሰይባ ከልቧ ሳቀች። «እማ፣ ለአንቺ ነው እኔ ስለ ቅቤ የምነግርሽ? አንጥሪው!»

«ቅቤስ ይነጠራል» አለች ከሪማ። ከዚያ ምሳ በልታ እንደሆነ ጠየቀቻት። ታክሲው መጣ፣ ስልኩ ተዘጋ።

ከማክሰኞ ጀምሮ ስታለቅስ የነበረው እናቷ ስለሞተችባት ነበር። አሁን ያለቀሰችው ግን እናቷ ሐሙሷን ትታ ለኖረቻቸው ለእነዚያ አሥራ አንድ ወራት ነው። ሐሙስ ሐሙስ ሱቋን ሳትዘጋ ስታመሽ፣ የለመደችውን ለመለመን አፏን ከፍታ ደግሞ ስትዘጋው፣ ምን እያሰበች ነበር? የሚጸልዩ ሕዝቦችን ሁሉ በስም የምትቆጥር ልጅ፣ የገዛ እናቷን ጸሎት በአንድ ቃል አስተወቻት። የምታርምበት ቀን ሞልቶ ነበር፤ አንድም ቀን «ወረቀቱን ወደድሽው?» ብላ አልጠየቀቻትም። ይሄ ነው ያንገበገባት።

ጠሃን ድንኳኑ ጀርባ አገኘችው። ሁሉንም ነገረችው። ወንበር ሊያጥፍ ጎንበስ እንዳለ ሰማት።

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም።» ወንበሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «አልጠየቅኳትማ። እንድትተው ነበር የምፈልገው፤ ተወች፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ሐሙስ ሲመጣ ፊቷ ይጠቁር ጀመር። አይቼዋለሁ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃት ወደ ሐሙሷ ትመለሳለች ብዬ ዝም አልኩ።» ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «ተዪው፣ እኔው ልታማ። ለምጄዋለሁ። አንቺ ትመለሻለሽ፣ እዚህ የምኖረው እኔ ነኝ።»

«እሱማ አይሆንም።»

«ዱዓውን አድርጉ። እኔ አልገባም፤ በሩን ግን አልዘጋባችሁም።»

ሐሙስ ከሰዓት ክፍሉ ሞላ። ከአርሲ ነገሌ ቅቤ የሚያመጡት ሴቶች ሳይቀሩ አቧራ እንደለበሱ ከሚኒባስ ወርደው ገቡ። እማማ ሑስና መቁጠሪያቸውን አውጥተው ገና ሲያስተካክሉ፣ ኑሰይባ ተነሥታ ቆመች።

«ከመጀመራችሁ በፊት» አለች፣ «እናቴን ሐሙሷን ያስተዋት ጠሃ አይደለም። እኔ ነኝ።»

ስለ ወረቀቱ ነገረቻቸው። የትምህርቱን ቃል ልታብራራ አልሞከረችም። «ቅይጥ ነው ብዬ ጻፍኩባት» አለች በቃ። የቅቤ ሴቶቹ እርስ በእርስ ተያዩ፤ ትናንት ጠሃን ስታማ የነበረችው ሴት ሻሿን ታስተካክል ጀመር። ማንም «አይዞሽ» አላላትም።

እማማ ሑስና መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ሐሙስ በመጣ ቁጥር በሯ ድረስ እመጣ ነበር። "ደክሞኛል፣ እማማ" ትለኛለች። ልጇን ረገምኩት፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።» ወደ ኑሰይባ ቀና አሉ። «አንቺ ነሽ እንግዲህ።»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ አልቆጣሽም። መቆጣት የሚገባት እሷ ነበረች፤ እሷም አልተቆጣችሽም። እሱን ይዘሽ ትኖሪያለሽ።»

ከዚያ ዱዓው ተጀመረ። ሰላዋቱ ሲወርድ ድምፁ መጀመሪያ ሰለል ያለ ነበር፤ ቀስ በቀስ ቤቱን ሞላው። ሮማነወርቅ ጥግ ላይ በሁለት እጇ ማዕተቧን ይዛ ተቀምጣለች። በዚህ ጉባኤ ወግ ጉዳይ ያለው ሰው መሃል ገብቶ ዱዓ መሪው ፊት ይንበረከክና ጉዳዩን ይናገራል፤ ሁሉም «አሚን» ይልለታል። የታመመ ያለባት ገባች። ልጇ ዱከም ፋብሪካ ሥራ የጠፋበት ገባች። ከዚያ ማንም ሳይጠራት ኑሰይባ በተቀመጡት ሴቶች እግር መሃል አልፋ መጣችና ተንበረከከች።

«ጉዳይሽ?» አሉ እማማ ሑስና፣ ማንንም እንደሚጠይቁት።

የምትለውን ከጠዋት ጀምሮ ስታዘጋጅ ነበር። ዱዓዋ ንጹሕ እንደነበረ ይድረሳት፤ ይሄን ብቻ ነው የምትለምነው። አፏን ከፈተች። «እናቴ» አለች። የቀረው አልመጣም። እንደገና ሞከረች፤ ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ሴቶቹ እጃቸውን እንደዘረጉ ጠበቁ። ከውጭ የባጃጅ ድምፅ መጥቶ አለፈ።

እማማ ሑስና ብዙ አላስጠበቋትም። እጃቸውን አናቷ ላይ ጫኑና ወደ ሴቶቹ ዞሩ።

«አሚን በሉላት።»

«አሚን!»

«አሜን» አለች ሮማነወርቅ ከጥግ።

ኑሰይባ ገና አልተናገረችም ነበር። ግንባሯን አሮጊቷ ጉልበት ላይ ደፋች፤ እማማ ሑስናም ቀጣዩን ባለጉዳይ ሳይጠሩ እንደዚያው ተዉአት።