የላይ አገር ዝናብ

«አርባ ዓመት ውሃ ያነበበ ሰው፣ የአዲስ አበባ ልጆች ሲያይ ፊደሉ ጠፋበት» አሉ ሽማግሌው አያ አወቀ፣ የለቅሶው ድንኳን ሁሉ በሚሰማው ሹክሹክታ።

በዛች አንገቷን አላቀናችም። ወንድሟ አለኸኝ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ እሷም ከማሻ መካነ ሰላም ገብታ፣ ከሟቹ ሚስት ከብርሀንነሽ ጎን ከተቀመጠች ሦስተኛዋ። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ምንጣፍ ላይ ሆነው እስካሁን ቃል አልተለዋወጡም። ለቀስተኛውም የመጣው ለማጽናናት ይሁን ለመፍረድ አልለየለትም። አንዱ ሟቹ ጠጥቶ ነበር ይላል፤ ሌላው ላይ አገር መዝነቡን ሳይጠይቅ ጀልባ ውሃ አስገባ ይላል። ብርሀንነሽ ይህን በሰማች ቁጥር ከንፈሯን ትነክሳለች። ባሏን ቀብራ ሳትጨርስ ስሙንም ሊያስቀብሯት ነው።

አለኸኝ በዓባይ በረሃ ሰው የሚያሻግር ዋናተኛ ነበር። ከውሃው ጠርዝ ሸምበቆ ተክሎ፣ ቆይቶ ተመልሶ ውሃው ምን ያህል እንደወጣ ያያል፤ ከዚያ በእፍኙ ዘግኖ ያሸተዋል። አዲስ አፈር ከሸተተው ማንንም አያስገባም። አንድ ጊዜ የተቸኮለ ሹም ቢቆጣው፣ «ጌታዬ፣ እርስዎ ሕዝቡን ያዝዙ፤ ይኸንን ግን እኔም አላዝዘው» ብሎ ሁለት ቀን ከዳር አስቀምጦታል። በዛችንም በልጅነቷ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ዋና ያስተማራት እሱ ነው። በኋላ የአባታቸው መሬት በመካከላቸው ገባ። ሽማግሌዎች ሊያስታርቁ ቢቀመጡ፣ «ከእሱ ጋር ቃል ብለዋወጥ ሚካኤል ይፍረድብኝ» ብላ ማለች። መሐላዋን ስድስት ዓመት እንደ ታቦት ተሸክማዋለች።

ረፋዱ ላይ አንድ ወጣት ክንዱን በፋሻ አንጠልጥሎ ከድንኳኑ አፍ ቆመ። በጎማ ጀልባ ዓባይን ሊቀዝፉ ከአዲስ አበባ የመጡት ልጆች መሪ ሁዜይፋ ነበር። ጠጋ ብሎ ቦታ የለቀቀለት አልተገኘም።

«የገደልከውን ልትቀብር ከሆነ ዘግይተሃል» አሉት አያ አወቀ።

ሁዜይፋ ፊቱን ወደ ብርሀንነሽ አዞረ። ጎርፉ ድንገት ሲደርስ ሁለት ጓደኞቹ መሀል ውሃ ካለ ቋጥኝ ላይ እንደቀሩ፣ አለኸኝ ገመድ ይዞ እየዋኘ እንደደረሰላቸው፣ እነሱ በገመዱ ሲወጡ ጎርፍ ያመጣው ግንድ እሱን እንደወሰደው ነገራት። ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ሳይጠይቅ አላስገባንም እናቴ። ላይ አገር ዘንቦ እንደሆን ጎጃም ደወለ፤ ማሻም ደወለ። ‹እህቴ ናት፤ ተቀያይመናል፤ በውሃ ነገር ግን አትዋሸኝም› አለን።»

ዓይን ሁሉ በዛች ላይ አረፈ።

ስልኩ የጮኸ ዕለት ከጎረቤቷ ከሀሊማ ሱቅ ደጃፍ ነበረች። የወንድሟን ቁጥር ስታይ መሐላዋን አስባ ስልኩን ለሀሊማ ሰጠቻት። ሀሊማም ወጣ ብላ አንጋጠጠችና፣ «እህትህ አጠገቤ ናት፤ አልሐምዱሊላህ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ጠብ ያለም የለ» አለችው፤ ያየችውን ነው የተናገረች። በዛች ግን ዝናብ ከያዘው ላይ አገር ገና መግባቷ ነበር። የበሰበሰ ነጠላዋ አጥር ላይ ተሰጥቷል፤ ዓባይ ወደሚገባው በሽሎ የሚወርደው ጅረት ሁሉ ደፍርሶ ሲገማሸር አይታለች። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አፏን ከፈተች፤ መሐላው ትዝ አላት፤ መልሳ ገጠመችው።

አሁንም ማምለጫ አላጣችም። የመለሰችው ሀሊማ ናት ብትል ውሸት አይሆንባትም፤ ሀሊማም ያለችው ማሻ ነው፣ እዚህ የሚያውቃት የለም። ቀና ስትል ብርሀንነሽን አየቻት። ከሦስት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሯን ከጥርሷ ለቅቃ፣ ባሏ ጠይቆ እንደነበር ከሌላም አፍ ለመስማት የምትጠብቅ ትመስላለች።

በዛች ተነሣች።

«ጠይቋል» አለች። «ጎረቤቴ ያየችውን ነገረችው። እኔ ግን ዝናቡን ለብሼው ነበር የገባሁ። እያወቅኩ ዝም አልኩ። ወንድሜ አልተሳሳተም።»

አያ አወቀ ሟቹን ይቅር በለኝ አላሉም፤ ፍርዳቸውን ብቻ ከሞተው ወደ ቆመችው አዛወሩ። «እንግዲህ መሐላሽን ታቅፈሽ ኑሪያ» አሏት። አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ነጠላቸውን ሰብስበው ፈቀቅ አሉ።

የሠልስቱ ንፍሮ ቀረበ። ብርሀንነሽ፣ የሐዘንተኛ ወግ ባይሆንም፣ ሰፌዱን ከሰው እጅ ተቀብላ ራሷ ታድል ጀመር። የሁዜይፋን ደኅና መዳፍ እስኪፈስ ሞላችለት። አያ አወቀንም አላለፈቻቸው። ከበዛች ዘንድ ስትደርስ በዛች መዳፏን ዘረጋች። ብርሀንነሽ የተዘረጋውን መዳፍ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው፤ ከዚያ ለቀጣይዋ ሴት ዘግና ሰጠች።

በዛች እጇን አላጠፈችም። ሰው ሁሉ መቆርጠም ሲጀምር ባዶ መዳፏን ወደ አፏ አስጠግታ፣ ቀስ ብላ ታላምጥ ጀመር።