መሪጌታ የቀመሱት ዱቄት

መሪጌታ ወልደማርያም በጋይንቷ ቤተ ልሔም ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ዘምረው ሲነጋ «ደከመኝ» የማይሉ፣ ጅብ አያስፈራቸው፣ ሹም አያስፈራቸው። አንድ ነገር ብቻ ይፈራሉ፤ ጠጥቶ ኃይል ማግኘት የሚባለውን ነገር። አይፈረድባቸውም! ተማሪ ሳሉ የጎጆ ጓደኛቸው ቀለመ ወርቅ፣ ትምህርት ይግባኝ ብሎ አብሾ የሚሉትን የዱር መድኃኒት ጠጣ። ገባውማ! ሌላው በዓመት የማይዘልቀውን እሱ በወር ተሻገረው። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጠዋት ከደጀ ሰላሙ ቆሞ ተራ ቁራ ሲበር እያየ «እዩ! እዩ!» ይላል፣ እንባው ይወርዳል። ሰው ሳቀበት። ያ መደነቅ የእብደቱ መጀመሪያ ነበር፤ ቀለመ ወርቅ ከዚያ ወዲያ ወደ ልቡ አልተመለሰም።

እንግዲህ የእኚህ ሰው ልጅ ናት ብስክሌት ተወዳዳሪ ልሁን ብላ የተነሳችው። የኔነሽ ትባላለች፤ ንፋስ መውጫ ለትምህርት ሄዳ እዚያው ብስክሌት ለመደች። መሪጌታ «ይሁን» አሉ፤ ውድድር ግን አንድም ቀን ሄደው አላዩም። በስልክ ነው የሚሰሙት፣ የሚሰሙትም ክፉ ክፉውን። አንዴ በሶዋን ጠግባ ወጣች፤ በሶ ለአራሽ እንጂ ጎንበስ ብሎ ለሚጋልብ ሆድ ላይ ይከብዳል፣ ዳገቱ መካከል አስመለሳት። ሌላ ጊዜ አባቷ የበጠበጡላትን ብርዝ ይዛ ሄደች። ማሩ የጋይንት ማር ነው፣ ምን ይወጣለታል! ግን ላቧ ጨውን ይዞት ሲሄድ ብርዝ ጨው አይመልስም፤ እግሯ ተሳስሮ ሰው ደግፎ አወረዳት።

አሁን ጥቅምት ላይ ከደብረ ታቦር ንፋስ መውጫ ድረስ ውድድር ተጠራ። አንድ ትልቅ ክለብ ቀድመው ከሚገቡት ሴቶች ሁለቱን ሊወስድ ነው። የኔነሽ ዘንድሮ ካልገባች ለጀማሪ ቡድን ዕድሜዋ ያልፋል፤ ነገሩ በዚያው አበቃ ማለት ነው። አሰልጣኟ አንድ ላስቲክ ነጭ ዱቄት ሰጣት፤ ልምምድ ላይ ሞከረችው፣ ተስማማት። ከዚያ አባቷን አስጠራቻቸው።

«አባዬ፣ ይህን በውሃ በጥብጠው የመጨረሻው ዳገት ላይ ያቀብሉኛል? እዚያ ላይ ነው ሁልጊዜ የምወድቀው።»

«የጾም ነው የፍስክ?» አሉ መሪጌታ መጀመሪያ።

«የጾም ነው። ስኳርና ጨው ነው፣ ሎሚ ሎሚ ይላል።»

«ኃይል ይሰጣል?»

«እንዴታ! ለእሱ አይደል እንዴ የሚጠጣው።»

መሪጌታ ላስቲኩን አገላብጠው አዩት። ስኳርና ጨው! ለቀለመ ወርቅም አብሾውን የሰጡት ሰዎች «የዱር ፍሬ ነው፣ ምንም አይልህ» ነበር ያሉት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ፤ ልጃቸውን ግን እምቢ ማለት አቃታቸው። «እሺ» አሉ።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት ካደሩበት ዘመድ ቤት ጓሮ ወጥተው ዱቄቱን በጥብጠው አንድ ብርጭቆ ሞሉ። አማተቡ። «ማበድ ካለ እኔ ልበድ። እኔ ድጓዬን ዘልቄያለሁ፣ እሷ ገና ናት» ብለው ጨለጡት። እውነትም ሎሚ ሎሚ ይላል። ከዚያ ሁለት የመጠጫ ኮዳ አዘጋጁ፣ አንዱ ዱቄቱ፣ አንዱ ብርዝ። ጤነኛ ሆነው ከቆዩ ዱቄቱን ያቀብሏታል። ካልሆነም ብርዙን፤ ክለቡም ይቅር፣ ልጃቸው ልቧ ይትረፍ።

ዋሴ የሚባል የባጃጅ ነጂ ወደ ዳገቱ ወሰዳቸው። ሲያሾፍ የሚውል ልጅ ነው። ከባጃጁ ወርደው ጥቂት እንደ ወጡ ከኋላ እየተከተላቸው፣ «የኔታ፣ መቋሚያዎን ጥለው እንዲህ የሚሮጡት ሊወዳደሩ ነው እንዴ?» አላቸው።

መሪጌታ ክው አሉ። መቋሚያቸውን ባጃጁ ውስጥ ረስተውታል! ያለ መቋሚያ ዳገት ከወጡ ስንት ዘመናቸው! ልባቸው ይመታል። ገብሱን አዩት፣ ወርቅ መስሏል፤ ገብስ እንዲህ ቢጫ ነበር ወይ? ጉናን አዩት፣ ዕድሜ ልካቸውን ያዩትን ተራራ፣ ዛሬ አዲስ ሆነባቸው። «ጀመረኝ» አሉ በልባቸው፣ ብርዙንም ወደ ቀኝ እጃቸው አዛወሩት።

ያን ጊዜ ተወዳዳሪዎቹ ከታች ከጠመዝማዛው ብቅ አሉ። አቤት! መሪጌታ ብስክሌት የሚያውቁት ልጆች ተከራይተው ሲወድቁበት ነው። እነዚህ ሴቶች ያንን ዳገት፣ አህያ እንኳ ተለምና የምትወጣውን ዳገት፣ ጎንበስ ብለው ይወጡታል። ሞተር የለ፣ ጩኸት የለ፤ ትንፋሽና የጎማው ሽውታ ብቻ ነው የሚሰማ። ገብስ የሚያጭዱት ማጭዳቸውን ይዘው ቀጥ አሉ። ከፊት ካሉት መካከል አንዷ ቀና አለች፣ የኔነሽ! ያለ ወሯ የተወለደች፣ ከመዳፋቸው የማትበልጥ፣ ክርስትና ሳትነሳ ታልፋለች ተብሎ የተለቀሰላት ልጅ፣ እሷ ናት ተራራውን ከእግሯ በታች እያደረገች የምትመጣው።

«እዩ! እዩ!» የሚል ድምፅ ሰሙ። የራሳቸው ድምፅ ነው። እንባቸው ጢማቸውን አርሶታል። ልክ እንደ ቀለመ ወርቅ!

የኔነሽ ቀረበች። ከንፈሯ ነጥቷል፣ ሁለት ሴቶች ቀድመዋታል። እጇን ዘረጋች። «አባዬ!»

«ዋሴ!» ብለው ጮኹ መሪጌታ፣ ክንዱን ጨምድደው ያዙት። «ይኼ ነገር ለእኔ ብቻ ነው የሚታየኝ? እንዳታሾፍብኝ! ማርያምን በል!»

ዋሴ ዞሮ አያቸው። የእሱም ዓይን እርጥብ ነበር። «ማርያምን፣ የኔታ! ለእኔም ይታየኛል። ለሁላችንም ነው የሚታየን!»

ለሁላችንም! መሪጌታ ብርዙን ከአስፋልቱ ጣሉት። ነጠላቸው ወደቀ፣ ዘወር ብለው አላዩትም፤ ከልጃቸው ጎን እየሮጡ ዱቄት የተበጠበጠበትን ኮዳ በእጇ አስያዙ። በአፏ ክዳኑን ከፈተች፣ ጠጣች፣ ሄደች። እሳቸው ከመንገዱ መካከል ቆመው ቀሩ። እስከ ዳገቱ አናት ድረስ ሲያዩዋት ከኮርቻዋ ተነስታ ከቀደሟት ከሁለቱ አንዷን አለፈች፣ ከዚያም ተሰወረች።

ሁለተኛ ገባች። ክለቡም ወሰዳት።

ወደ ማታ የተረፈውን ዱቄት ስትጠቀልል ላስቲኩን ቀና አድርጋ አየችው። «አባዬ፣ ይኼ ጎድሏል። አንድ ኮዳ ብቻ አልነበር የበጠበጡት?»

«ጠዋት እኔ ቀድሜ ቀመስኩት» አሉ መሪጌታ።

የኔነሽ የቀለመ ወርቅን ታሪክ ከልጅነቷ ጀምራ ታውቃለች። እጇ ላስቲኩ ላይ ቀረ። ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፣ ግን አልሳቀችም። «ታዲያ ምን ሆኑ?»

«አበድኩ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ለካ አንቺን አይቼ ነው።»