የጋሻዬ ግዝት

ሙሉሃብት ያን ጠዋት ዶማውን ያነሳው ለማን ብሎ ነበር? ለወንድሙ ሚስት ነው? ለራሱ ነው? ወይስ ስድስት ዓመት ቡልጋሪያ ተቀምጦ የተማረውን አንድ ቦታ ላይ ሠርቶ ማየት ስላለበት? የጠየቀው ግን የለም። በ1978 ዓ.ም. መጋቢት መጀመሪያ ላይ፣ ከነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን በታች ባለችው በዚያች መንደር ሙሉሃብትን የሚያናግረው ሰው ጥቂት ነበር።

መሬቷ ትንሽ ናት። ከምንጩ የሚወርደው ቦይ ጥግ ያለች፣ ጥማድ በሬ የማይዞርባት፣ በዶማ ብቻ የምትቆፈር የአትክልት ቦታ። አባታቸው ዕድሜውን ሙሉ ነጭ ሽንኩርትና ጎመን ሲያወጣባት ኖሮ ሲሞት ለታናሹ ለጋሻዬ ተወለት፤ ታላቁ ሙሉሃብት ባሕር ማዶ ነበርና። በማኅበሩም መዝገብ በጋሻዬ ስም ተጻፈች። ባለፈው ዓመት የካቲት፣ ድርቁ በከፋበት ጊዜ፣ ጋሻዬ ጨው ሊገዛ ላሊበላ ገበያ እንደወጣ ለሰፈራ ከታፈሱት ጋር ታፍሶ መኪና ላይ ተጫነ። አሶሳ ወሰዱት አሉ። ሚስቱ ስሜነሽ ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር ቀረች። መሬቷም ጦሟን አደረች።

ጦሟን ያደረችው የሚቆፍር ጠፍቶ አይደለም። ጋሻዬ መኪናው ላይ ሆኖ የነፍስ አባቱን አባ ወልደ ጊዮርጊስን ከገበያተኛው መሃል አይቶ ጠራቸው። ሰው ሁሉ እየሰማም፣ «እኔ እስክመለስ ያቺን የቦይ ዳር መሬት የቆፈረ፣ የተከለ፣ ውሃ ያጠጣ፣ ከእሷም የበላ፣ በነአኩቶ ለአብ የተገዘተ ይሁን ይበሉልኝ!» አለ። አባ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ገዘቱ። ያስገዘተው ሰው ራሱ ይፈታልኝ ካላለ ደግሞ ግዝቱ አይፈታም።

ሙሉሃብት ይህን የሰማው ወልድያ ካለው የግብርና መሥሪያ ቤቱ የአንድ ወር ፈቃድ ወስዶ በመጣ በማግስቱ ነው። ሲሰማ ደሙ ፈላ። ወንድሙን ያውቀዋላ! ጋሻዬ ለዚያች መሬት የሚፈራው ሰው ከእሱ ሌላ ማን አለ? ታላቄ ተምሮ መጥቶ ይቀማኛል ብሎ ነው እንጂ፣ መኪና ላይ ተጭኖ የሚሄድ ሰው ስለ ጎመን መደብ ምን አስጨነቀው? ሙሉሃብት በዚህ ሲብሰለሰል ዋለ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አነበበ። በመስኖ መልማት ሲችል ጦሙን ያደረ መሬት እስከ መጋቢት ሠላሳ ካልተዘራ ለማኅበሩ የችግኝ ጣቢያ ይሆናል ይላል።

ስሜነሽ ደጃፏ ላይ የእርዳታ ስንዴ በሰፌድ ስታበጥር አገኛት።

«መሬቷን ልቆፍራት ነው» አላት።

«አይቆፍሩም።»

«ማኅበሩ ይወስዳታል እኮ። ማስታወቂያውን አላየሽም?»

«እኔ ማንበብ አልችል። አንቱ ያነበቡት ይበቃል።»

«ግዝቱን ፈርተሽ ነው? ግዝት የሚባል ነገር የለም፣ ስሜነሽ። አፈር ነው። ከቆፈሩት ያበቅላል፣ ካልቆፈሩት አያበቅልም።»

«በሄዱበት አገር የለም ይሆናል።» ጠጠሩን በጣቷ ለቅማ ወረወረችው፤ እግሩ ሥር አረፈ። «እዚህ አለ። ይተዉ፣ ዋርሳዬ። ይተዉ ካልኩ ይተዉ።»

«ምክንያቱን ንገሪኝና ልተው።»

ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ ከፊቱ ወርዶ ኪሱ ላይ የሰካው እስክሪብቶ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወደ ስንዴዋ ተመለሰች።

«ለመንግሥት ሰው የምነግረው ነገር የለኝም» አለች።

በማግስቱ ማለዳ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወረደ። አፈሩ ዓመት ሙሉ ሳይነካ ከርሞ እንደ ጡብ ደርቋል፤ የበልግ ዝናብ እስከዚያ ቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ጠብ ብሏል። ውሃ ሊቀዱ የሚወርዱ ሴቶች ሲያዩት ቆሙ፣ እንስራቸውን እንዳዘሉ ዞረው በላይኛው መንገድ ሄዱ። ትርንጎ የምትባለው ጎረቤት ብቻ አልሄደችም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «የቱ እጁ ቀድሞ ይደርቅ ይሆን? ቀኙ ይመስለኛል» አለች።

ሙሉሃብት ዶማውን ደግሞ አነሳ። አባቱ መደብ የሚያወጣው በዓይኑ ልክ ነበር፤ ጠመም ያለ፣ ውሃው የሚወድደውን መንገድ የተከተለ። እሱ ግን ሲባጎ ወጥሮ፣ ርቀቱን በስንዝር ለክቶ፣ ቀጥ ያለ መስመር አወጣ። በሦስት ቀን ነጭ ሽንኩርቱን ፈልፍሎ ተከለ፤ ዓይን ያወጣውን ድንች ቀበረ፤ ከወልድያ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ያመጣውን የጥቅል ጎመን ችግኝ አሰፈረ። ከዚያ ቦዩን ወደሚቆጣጠሩት የውሃ አባት ወደ ጋሽ ምናለ ሄደ።

«የጋሻዬን ተራ ይስጡኝ» አላቸው።

«የጋሻዬ ተራ ማክሰኞ ነበር።»

«እንግዲያው ማክሰኞ ይልቀቁልኝ።»

«ነበር አልኩህ እንጂ ነው አልኩህ?» ጋሽ ምናለ በአካፋቸው የቦዩን አፍ እየመቱ ጭቃ ደፈኑበት። «ግዝት ላይ ውሃ ለቅቄ በየትኛው ዓይኔ ታቦት ሲወጣ አያለሁ? ዞር በል ከቦዩ። ጥላህም አይረፍበት።»

ስለዚህ በሁለት የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ውሃ ከወንዙ እየተሸከመ ያጠጣ ጀመር። ጠዋት ሃያ፣ ማታ ሃያ ምልልስ። እጁ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ደግሞ ቋጠረ። ሲወጣና ሲወርድ የሚያልፍበት ደጅ ሁሉ በሩን ይዘጋበታል።

በመንደሩ እንደ ሰው የሚያናግረው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ውባንተ ነው፤ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር። በልጅነታቸው አብረው ፊደል ቆጥረዋል። ውባንተ በየጠዋቱ ከመደቡ በላይ ካለው መንገድ ላይ ይቆማል፤ አንድም ቀን ወደ መደቡ አልወረደም።

«ጓድ ቡልጋሪያ! እንዴት አደርክ?»

«ደህና።»

«እጅህስ?»

«ትንሽ ውሃ ቋጥሯል።»

«አላበጠም?»

«አላበጠም።»

«ሆድህስ? እህል ይበላልሃል? እንቅልፍ ይወስድሃል?»

«ሁሉም ደህና ነው፣ ውባንተ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ሙሉሃብት ከልቡ ነው ያመሰገነው። ከአንድ እናት የተወለደው ወንድሙ ያስገዘተበት፣ ዋርሳው ጠጠር የወረወረችበት ሰው፣ ጤናውን የሚጠይቅ አንድ ሰው ሲያገኝ ሆዱ ይባባል። እንዲያውም አንድ ቀን ቆርቆሮውን ተሸክሞ ሲወጣ፣ ሰው ክፉ ነው የሚለው ካድሬው ደግ ሆኖ ወጣ እኮ፣ እያለ ለብቻው ፈገግ አለ።

በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳት ያዘው። ከወንዙ ውሃ የመጣ ጉንፋን ነው፤ እሱ ያውቀዋል። መንደሩ ግን ነፍስ ዘራ። የተዘጉት በሮች ተከፈቱ። ሴቶቹ እሱ በተኛበት በአባቱ ጎጆ ደጃፍ ሲያልፉ እርምጃቸውን ቀነስ ያደርጋሉ፤ ሲያስል ይቆማሉ። ትርንጎ፣ «ጀመረው» ስትል በግድግዳው ሰማት። ውባንተ በቀን ሁለት ጊዜ እየመጣ ከደጅ ይጣራል። በአራተኛው ቀን ሙሉሃብት ተነስቶ ወጣ።

«ዳንክ? ሙሉ በሙሉ?» አለ ውባንተ።

«ሙሉ በሙሉ።»

«እግዜር የተመሰ...» አለና ውባንተ አፉን ያዘ። «ጥሩ ነው። ጤና ጥሩ ነው።»

ሽንኩርቱ በቀለ። ችግኙ አንገቱን አቀና፣ አዲስ ቅጠል አወጣ። መጋቢት ሃያ አራት ቀን ውባንተ እንደ ልማዱ ከላይ ቆሞ መደቡን ሲያይ ቆየ። ከቦዩ ጥግ ማንም ሳይዘራት በራሷ የበቀለች አንዲት የአበሻ ጎመን ነበረች፤ ወደ እሷ ጠቆመ።

«ያቺስ?»

«እሷ አሮጌ ናት። ዘሯ ወድቆ ነው የበቀለችው።»

«ትበላታለህ?»

«ለምን አልበላትም?»

«እንጃ!» ውባንተ ሳቀ። «መቆፈሩንስ ትቆፍራለህ። መብላት ላይ ግን እንደ እኛው ነህ። ቡልጋሪያም ብትሄድ ላስቴ ነህ።»

ሙሉሃብት ቀና አለ። ላይኛው መንገድ ላይ ሴቶች ቆመዋል፤ ስሜነሽም ከነሱ ጋር አለች። ጾም ነው፣ ጠዋት ነው፣ በዚያ ሰዓት በመንደሩ እህል የቀመሰ ሰው የለም። ቅጠሉን ቀነጠሰ፣ በሱሪው ጠረገ፣ አፉ ውስጥ ከተተ። መራራ ነበር። እያዩት አኘከው፣ ዋጠው። ስሜነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። ውባንተ ግን ፊቱን አዙሮ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደ።

በማግስቱ ውባንተ ጤናውን አልጠየቀም። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች፣ ገመድና አራት ችካል ይዞ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከመንገዱ ወረደ፤ በላስቲክ ጫማው የሽንኩርቱ መስመር ላይ ቆመ።

«ውባንተ፣ እየረገጥከው ነው!» ሙሉሃብት ቆርቆሮውን ጣለ። «ተዘርታለች እኮ! ማስታወቂያው ያልተዘራ ነው የሚለው።»

«ባለይዞታው ያልዘራው ማለት ነው። አንተ የዚህ ማኅበር አባል ነህ? ወልድያ አይደል ደመወዝ የምትበላው? ጋሻዬም እዚህ የለም፤ መንግሥት አሶሳ መሬት ሰጥቶታል። ይቺ ባለቤት የላትም።»

«ታዲያ ዓመት ሙሉ ለምን ሳትወስዳት ቆየህ?»

ጠባቂዎቹ ገመዱን መዘርጋት ትተው መሬት መሬት አዩ። ውባንተ ቀረብ አለ።

«ገመድ የሚይዝልኝ አጥቼ ነዋ። እኔማ በዚህ ነገር አላምንም፤ ሕዝባችን ነው ኋላ ቀር። የሚመጣው ሁሉ እጄ ይደርቃል፣ ልጄ ይሞትብኛል ይላል።» ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ይኸው አንተ ቆፈርክ፣ ተከልክ፣ አጠጣህ፣ በላህ። ምን ሆንክ? ጉንፋን። አብዮቱ የሚፈልገው እንዳንተ ያለውን የተማረ ሰው ነው።»

ችካሉን ሲመቱ ድምፁ እስከ ገደሉ ድረስ ተሰማ። ሙሉሃብት አንዱን ችካል ነቀለ፤ ጠባቂው በጠመንጃው ሰደፍ ደረቱን ገፍቶ ቦዩ ውስጥ አስቀመጠው። ያን ዕለት ቦዩ ውስጥ ውሃ ነበረበት። ጋሽ ምናለ ለማኅበሩ ለቀውለታል።

እስከ ወገቡ እንደራሰ ስሜነሽ ደጅ ደረሰ። አልተነሳችለትም። አንቱታውንም ተወችው።

«አሁን ልንገርህ? አሁን ብነግርህ ምን ይጎልብኛል» አለች። «ጋሻዬን ያን ቀን ገበያ ላይ በጣቱ ያሳየው ውባንተ ነው። ለዚያች መሬት ብሎ። ጋሻዬ መኪናው ላይ ሆኖ አየው። እኔ ብቻዬን ምን አቅም አለኝ? አጥር የሚያጥርላት አጥቶ በግዝት አጠራት። ልጆቼ አጠገቧ ተርበው ዓመት ሙሉ ያልነካኋት ለምን ይመስልሃል? እኔ ከነካኋት ሁሉም ይነካታላ!»

«እኔን የገዘተ መስሎኝ ነበር።»

«አንተን? አንተ ትዝም አላልከው።»

«ብትነግሪኝ ኖሮ...»

«ለማን? ለመንግሥት ሰው? አባ ወልደ ጊዮርጊስ በአብዮቱ ላይ ገዘቱ ብለህ እንድታስወስድብኝ?» ሰፌዷን አንስታ ገባች። በሩንም እንደ ሌሎቹ ዘጋችበት።

አባ ወልደ ጊዮርጊስን ከቤተ ክርስቲያኑ ዋሻ አፍ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። ሊሳለም ጎንበስ ሲል መስቀሉን አልሰጡትም።

«ይፍቱኝ፣ አባ።»

«እኔ አላሰርኩህ።»

«እንደገና ይገዝቱልኝ። ዛሬውኑ፣ ሕዝብ ባለበት።»

«ማን ይፈራዋል?» አባ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «አንተ በሁለት እግርህ ቆመህ እየተናገርክ? እኔ ገዘትኩ ብል ይስቁብኛል፤ በበነገታው ደግሞ ያስሩኛል። ያስገዘተው ሰው ቃሉን ይላክ። የጋሻዬ ቃል ከመጣ ግን በዐውደ ምሕረት አነበዋለሁ። የተወሰደ ሰው ቃል ነው፤ ያን ጊዜ ገመድ የያዘው እጅ ይንቀጠቀጥ ይሆናል። ሂድ ላክበት።»

ሙሉሃብት ፈቃዱ ሳያልቅ ወልድያ ወረደ። ደብዳቤውን አምስት ጊዜ ጀምሮ ቀደደ። ለመጻፍ የተቸገረ ሰው አልነበረም፤ ለበላዮቹ ስለ በልግ አዝመራ አሥር ገጽ ሪፖርት በአንድ ቁጭታ የሚጽፍ ነው። በመጨረሻ የላከው ይህ ነበር፤

«ወንድሜ ጋሻዬ፣ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ስሜነሽና ልጆችህ ደህና ናቸው። የቦይ ዳሯን መሬት የቆፈርኳት እኔ ነኝ። ግዝቱ ለእኔ መስሎኝ ነው። ምንም ስላልሆንኩ ውባንተ ደፍሮ ወሰዳት፤ አሁን የማኅበሩ ችካል አለባት። አባ ወልደ ጊዮርጊስ ቃልህ ከመጣ አነባለሁ ብለዋል። በዚያ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ፈልገህ እንደገና አስገዝት፤ ጣትህንም በቀለም አትምበት። የቆፈረ ሁሉ፣ የበላ ሁሉ ብለህ ላክ። እኔን አትዝለለኝ፤ ከፈለግህም በስሜ ጥራኝ። ታላቅህ ሙሉሃብት።»

እህል ጭኖ ወደ አሶሳ ለሚሄድ ሾፌር በእጁ ሰጠው። ሾፌሩ በግንቦት ሲመለስ፣ ወሎዬዎች ወደ ሰፈሩበት ወረዳ ለሚያልፍ ሌላ መኪና ማስተላለፉን ነገረው፤ ጋሻዬ የሚባል ሰው ግን በዓይኑ አላየም። ሰኔ ገባ። በሐምሌ ሙሉሃብት ያንኑ ደብዳቤ ቃል ሳይለውጥ ገልብጦ በፖስታ ላከው። በነሐሴ ከላስታ የመጣ ነጋዴ፣ «ስሜነሽ፣ ከአሶሳ ነገር መጣ ወይ ብለህ ጠይቅልኝ ብላኛለች» አለው። ሙሉሃብትም አልመጣም በላት አለው። በመስከረምም ያው ነጋዴ መጣ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ከስሜነሽ የተላከ ጥያቄ አልነበረውም።