የደሴቱ ገዳይ

«ገዳዩ ግብር ሰብሳቢው ነው» አለ ባለሆቴሉ ከማሉዲን፣ ሲኒውን መሬት እያስቀመጠ።

«ኧረ ነጋዴው ነው» አለ የቀበሌው ጸሐፊ አምባዬ። «ጋሽ በለጠ ነፍሱን ይማረውና፣ እስከ መጨረሻው ያነበበልኝ ራሱ ነው።»

«ለኔስ ማን አነበበልኝ? ወላሂ ግብር ሰብሳቢው ነው።»

በሐዘን ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች ሳቃቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ሰልስቱ ትናንት ወጥቷል። ንጋትወርቅ ባሏን ከቀበረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

በለጠ በአዋሽ ባቡር ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ነበር። ከዓመታት በፊት አንድ መንገደኛ ረስቶት የወረደ የወንጀል ልቦለድ አገኘ። ታሪኩ የሚፈጸመው ሁሉም ሰው በሚተዋወቅባት ትንሽ ደሴት ላይ ነው። አንድ ዓሣ አጥማጅ ይወጣና ጀልባዋ ባዶዋን ትመለሳለች፤ ከዚያ ወዲያ ጎረቤት ጎረቤቱን መጠርጠር ይጀምራል። አዋሽም ብትሆን ማን ምን እንደበላ የሚታወቅባት ከተማ ናትና ታሪኩ አልራቃቸውም። ባቡር በዘገየ ቁጥር በለጠ መጽሐፉን ያወጣል፤ ሰዉም ሙቀቱንና የቀበሌውን ስብሰባ ረስቶ ይከበዋል።

የመጽሐፉ የመጨረሻ ቅጠሎች ተገንጥለው እንደጠፉ የምታውቀው ግን ንጋትወርቅ ብቻ ነበረች። «ታዲያ ገዳዩ ማነው?» ስትለው፣ «እኔስ ምን አውቄ» ይላት ነበር እየሳቀ። መጨረሻውን ከራሱ እየፈጠረ ለሰው ያወራ እንደነበር ዛሬ ገና መስማቷ ነው። ከማሉዲን ከወሎ መጥቶ ሆቴሉን ከከፈተ ጀምሮ ከግብር ሹሞች ጋር እንደተሟገተ ነው። አምባዬ ደግሞ ነጋዴ አይወድም። በለጠ ለእያንዳንዱ ልቡ የሚሻውን ገዳይ ሰጥቶታል።

«ሁለታችሁም ተሳስታችኋል» አለች ከጥግ የተቀመጠችው ሰኢዳ። ጎረቤታቸው ናት፤ ጣቢያው በር ላይ ሻይ ትሸጣለች። «ማንም አልገደለውም። ሰውዬው በሕይወት ተገኝቷል።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ጥጉ ዞረ።

የሰኢዳ ልጅ አብዱሰላም ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ዘምቷል። ወሬው ሲጠፋባት ሰኢዳ ሻይ ማፍላቷን ትታ፣ ቤቷን ዘግታ ተኛች። ያን ሰሞን በለጠ ከሥራ ሲወጣ መጽሐፉን ይዞ በቀጥታ ወደ እሷ ይሄድ ነበር። ምሳው እየቀዘቀዘ ንጋትወርቅ ስትቆጣው፣ «ትንሽ ነው የቀረኝ፤ ልጨርስላት» አላት። በማግስቱ ሰኢዳ ምድጃዋን አቀጣጠለች።

«እንግዲህ መጽሐፉ ይምጣና ይታያ» አለ አምባዬ።

መጽሐፉ እዚያው ጓዳ፣ በለጠ ይተኛበት በነበረው አልጋ ላይ ነበር። ሰኢዳ ቀና ብላ ንጋትወርቅን አየቻት።

«መምጣት አያስፈልገውም» አለች ንጋትወርቅ። «ለኔም አንብቦልኛል። ሰኢዳ እንዳለችው ነው።»

ከማሉዲን አንዴ ሰኢዳን፣ አንዴ ንጋትወርቅን አየና፣ «እንዲያ ከሆነማ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አለ። አምባዬም መጽሐፉን መጠየቁን ተወ።

ሰኢዳ ወደ ፊት ዘንበል አለች። «አንድ ነገር ረስቻለሁ፣ ንጋቴ። ከውሃው ያወጣው ማን ነበር?»

ንጋትወርቅ በዕድሜዋ ተረት አውርታ አታውቅም። ፍራሹ ላይ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።

«ነይ እዚህ ተቀመጪ» አለቻት። «ረጅም ነው።»

ሰኢዳ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ንጋትወርቅ እጇን ያዘችና ማውራት ጀመረች።