«ተኝቷል»

በዚያ ክረምት ወንዙ ከወትሮው ቀድሞ ወደ በረዶነት ተለወጠ። ከጫካ የሚመጣው ግንድ ድንጋይ ሆኖ ነበር፤ መጋዙ ጥርሱን ጨረሰበት። የማሽኖቹ ዘይት ቱቦ ውስጥ እንደ ማር ወፈረ። ጠዋት ጠዋት ፓምፖቹ ይጮኻሉ። ለእንጨቱ ገዢ ጠፋ። ከገና በፊት የእንጨት መሰንጠቂያው የማታ ፈረቃ ተዘጋ። ከገና በኋላ ጎረቤቶቻችን ቤታቸውን ቆልፈው፣ ውሻቸውን ለእኛ ትተው ወደ ሄልሲንኪ ወረዱ።

እኔ ከመሰንጠቂያው የጥገና ሥራ ጡረታ ወጥቼ ነበር። ሥራ አስኪያጇ አስጠራችኝ። ከጥገና ሠራተኞቹ የሚቀሩት በዘይት ግፊት የሚሠሩትን የሃይድሮሊክ ማሽኖች ብልሽት ፈልጎ የማግኘት ፈተና ያለፉት ብቻ ናቸው፤ የወደቀ ይሰናበታል። አሰልጣኙም ፈታኙም እኔ እንድሆን ጠየቀችኝ። እሺ አልኩ።

ከሰልጣኞቹ አንዱ ታይስቶ ነበር። ወጣት ሳለን ግንድ ተንከባሎ ደረቴ ላይ አረፈ። ሌሎቹ ክሬን ሊጠሩ ሲሮጡ ታይስቶ ትከሻውን ከግንዱ ሥር አስገብቶ አነሳልኝ። ቀኝ ክንዱ ከዚያ ወዲህ በደንብ አልተዘረጋም። ይህን ነገር አንስተን አውርተን አናውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ቤት፣ በእንፋሎት መታጠቢያው ሳውና ውስጥ አብረን እንቀመጣለን፤ እዚያም ብዙ አናወራም። ዕዳ እንዳለብኝ ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

በዕድሜው ሌላ ቦታ የሚቀጥረው የለም። ሚስቱ አውነ ደግሞ ከተወለደችበት ቤት አልወጣም ብላለች።

በእኛ መሰንጠቂያ ፓምፕ ጠፍቶ ድምፁ ሲቆም «ተኝቷል» ይባላል። አባቶቻችንም እንዲሁ ይሉ ነበር። «ተኝቷል» ካሉ በኋላ መፍቻ ማንሳት ነው። በእነሱ ዘመን ማሽን ይህ ያስኬድ ነበር። አዲሶቹ ግን ግፊት የምታጠራቅም ቦምቦላ አለቻቸው። ፓምፑ ከጠፋ በኋላም ዘይቱን ጨምድዳ ትይዘዋለች። ያኔ የቱቦውን ማሰሪያ ዳዶ የፈታ ሰው ላይ ዘይቱ እንደ መርፌ ይወጣል። ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀዳዳው አያስፈራም፤ ሰውየው ጠርጎት ቤቱ ይሄዳል። ዘይቱ ሌሊቱን ሥጋውን ሲያበሰብስ ያድርና በማግስቱ ሐኪም እጁን ይቆርጠዋል።

«ይህን ቃል ከአፋችሁ አውጡት» አልኳቸው በመጀመሪያው ቀን። «የቦምቦላዋን ማፍሰሻ ክፈቱ። የግፊት መለኪያው፣ ጌጁ፣ ዜሮ ሲገባ በዓይናችሁ እዩ። ከዚያ 'ሞቷል' በሉ።»

«ጥገና ነው ቀብር?» አለ ኢልፖ፣ የታይስቶ የሥራ ጓደኛ። «ቄስም እንጥራ እንዴ?»

«ያንተ ቀን እጠራለሁ።»

ሳቁ። ታይስቶ አልሳቀም።

«ኦይቫ፣ በዚህ ዕድሜዬ አፍ ልታስፈታኝ ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ጢም ሳላበቅል ጀምሮ 'ተኝቷል' ስል ኖሬአለሁ። ይኸው ጣቶቼ፤ ቁጠራቸው።»

«ማሽኑ ያኔ የነበረው አይደለም።»

«ሰውየው ግን ያው ነው» አለ።

ለፈተናው ሥራ የፈታውን የግንድ ማንሻ ክንድ ተጠቀምን። የዘይቱን መንገድ የሚዘጋ አንድ ቫልቭ ውስጥ የጨርቅ ብጣሽ ደበቅሁ። ኢልፖ ተፈትኖ አለፈ፤ መብራት እንዲይዝልኝ አስቀረሁት። ቀጥሎ ታይስቶ ገባ።

የማሽኑ ክንድ ግንዱን ያነሳና ቀስ እያለ ይለቀዋል። ታይስቶ ፓምፑን አዳመጠ፣ ቱቦውን በዓይኑ ተከተለ፣ ቫልቩ ላይ ሲደርስ ቆመ። «እዚህ ነው። ቆሻሻ ገብቶበት አልዘጋ ብሏል።» ልክ ነበር። ፓምፑን አጠፋ፣ ማብሪያውን ቆለፈ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ቤቱ ጸጥ አለ።

«ተኝቷል» አለ።

መፍቻውን ዳዶው ላይ አሳረፈ። ጌጁ ከጀርባው ነበር፤ መርፌው አልወረደም። ታይስቶ አልዞረም። ይዞር እንደሆነ ብዬ ጠበቅሁ። ሊፈታ ክንዱን ሲያጠነክር እጁን ያዝኩት።

«ዞር ብለህ እይ።»

ዞረ። ጌጁን አይቶ ፊቱ አመድ መሰለ። ማፍሰሻውን ከፈተ፤ ዘይቱ እያፏጨ ወረደ። «ይኸው፣ ሞተልህ» አለ። «ደስ አለህ?»

ኢልፖ መብራቱን ዝቅ አደረገ። «እኔ ጫማዬን ሳስር ነበር፣ ምንም አላየሁም። አንተም ሽማግሌ ነህ፣ ዓይንህ ደክሟል። በእሱ ላይማ አትጨክንም። ማን እንደሆነ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

ሥራ አስኪያጇ በሩን ከፈተች። «እህ፣ እንዴት ሆነ?»

ታይስቶ ግድግዳውን ያይ ነበር። ባሳልፈው በሚቀጥለው ሳምንት ብቻውን፣ በብርድ፣ ሰዎች ቶሎ በል እያሉት፣ አንዱ ማሽን ሥር ይገባል። ያንኑ ቃል ይላል። እጁን የሚይዝለት ሰው አይኖርም።

«ወድቋል» አልኩ።

ግቢው ውስጥ ደረስኩበት። ጓንቱን አላጠለቀም ነበር።

«ከግንዱ ሥር ያወጣሁህ ለዚህ ነው?» አለኝ።

«ለዚህ ነው። እጅህን ይዘህ ቤትህ ትገባለህ።»

እጆቹን አየ፤ አገላብጦ አያቸው።

«ምን ልሠራባቸው?»

እጆቹን ኪሱ ከተተ።

«ከፍለሃል እንግዲህ» አለ። «ከእንግዲህ ዕዳ የለብህም። ቅዳሜ አትምጣ።»

ወደ መኪናው ሄደ። እኔም ወደ ውስጥ ተመለስኩ፤ ቀጣዩ ሰው እየጠበቀኝ ነበር።