አሥራ አንድ አንዶች

ሐሙስ ጠዋት ለሒሳብ መምህርነት ልፈተን ሆሳዕና ውስጥ ወዳለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሄድኩ። የበሩ ግንብ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። በላዩ ላይ በእርሳስ አሥራ አንድ አንዶች ተደርድረዋል፦ 11111111111። ከሥራቸው «እንደ እኛ የማይከፋፈል» ይላል። ትምህርት ቤቱ አሥራ አንደኛ ዓመቱን ሊያከብር ነው።

ርዕሰ መምህሩ ጋሽ ወንዳፈረው ገና መጠየቅ ሳይጀምሩ አፌ ቀደመኝ።

«ቁጥሩ እንደማይካፈል በምን አወቁ?»

«ሁለት አንዶች አይካፈሉም፤ አሥራ ዘጠኝ አንዶችም አይካፈሉም። ይኼኛው በምን ይለያል?»

«ሦስት አንዶች ለሠላሳ ሰባት ይካፈላሉ። አምስቱ ለአርባ አንድ፣ ሰባቱ ለሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ። ይኼንንም እጠረጥረዋለሁ።»

«በጥርጣሬ የግንብ ጽሑፍ አላስጠፋም። ቀለም ቀቢው ሰኞ ይመጣል። እስከዚያ አካፋዩን ካመጣሽ ሥራው ያንቺ ነው። ካላመጣሽ፣ የማያውቀውን የሚናገር መምህር አልቀጥርም። ስልክሽን ጠይቀሽ እንዳትመጪ፤ ደብተርሽን አያለሁ።»

ከተመረቅኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ሁለቱንም ዓመት በወንድሜ በአሕመዲን ጨርቅ መደብር ሜትር ይዤ ቆሜአለሁ። ደብተሩን ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁ።

የዚህ ቁጥር አካፋይ፣ ካለ፣ ከላዩ አንድ ሲቀነስ ለሃያ ሁለት መካፈል አለበት፤ ይህ በሒሳብ የተረጋገጠ ነው። ትንሹ አካፋይ ደግሞ ከ105409 አይበልጥም፤ ከዚያ የሚበልጡ ሁለት ቁጥሮች ሲባዙ ከአሥራ አንዱ አንዶች ያልፋሉ። እስከዚያ ካሉት እንዲህ ዓይነት ቁጥሮች ለሦስት ወይም ለአምስት የሚካፈሉትን ሰረዝኩ። 2556 ቀሩ። በየገጹ ሠላሳ ሠላሳ አድርጌ ጻፍኳቸው።

የመደብሩ ካልኩሌተር አሥራ ሁለት አኃዝ ስለሚይዝ ቁጥሩን ሙሉውን ይቀበላል። ለአሕመዲን ደንቡን ነገርኩት፦ ታካፍላለህ፣ ከነጥቡ በኋላ የሚመጡትን ሦስት አኃዞች ከአካፋዩ ጎን ትጽፋለህ። ሸማች ሲመጣ እኔ ጨርቅ እለካለሁ፣ እሱ ያካፍላል።

«ሃቡ፣ ሰው ባል ይፈልጋል፣ አንቺ አካፋይ» አለኝ ስሜን አቆላምጦ፣ ጣቶቹ ሳይቆሙ።

«አንተ ዝም ብለህ ጻፍ።»

ቅዳሜ ከሌሞና ከሞርሲቶ የመጣው ገበያተኛ መደብሩን ሞላው። አንዷ ሴትዮ «ለሠርግ ነው የምትደምሩት?» ብላ ጠየቀች። አላቋረጥንም። እሑድ ከሰዓት የመጨረሻውን፣ 105403ን፣ አካፈልን። ሙሉ ቁጥር አልወጣም።

«አለቀ» አለ አሕመዲን። «ሰውዬው ልክ ናቸው። ነገ ይቅርታ ጠይቂያቸው።»

«መጀመሪያ ልቁጠር።»

እያንዳንዱ ሙሉ ገጽ ሠላሳ መልስ ሊኖረው ይገባል። ሠላሳ። ሠላሳ። ገጽ አሥራ ስምንት ላይ ሃያ ዘጠኝ ሆነብኝ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ሃያ ዘጠኝ። አሥራ አምስተኛው መስመር ላይ ከ21649 ጎን ምንም አልተጻፈም።

«ይኼን ዘለኸዋል።»

«እኔ? ወላሂ አንድም አልዘለልኩም! ከነጥቡ በኋላ ያለውን ጻፍ አልሽ። ከነጥቡ በኋላ ምንም አልነበረማ! ምን ልጻፍ?»

ካልኩሌተሩን ከእጁ ነጠቅኩ። አሥራ አንድ አንዶች ሲካፈሉ ለ21649፦ 513239። ከኋላው ምንም የለም። መልሱ ከዓርብ ጀምሮ ደብተሬ ውስጥ ባዶ ቦታ ሆኖ ተቀምጧል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የምፈልገው ሲመጣ የሚጻፍበትን ቦታ ግን አላዘጋጀሁለትም።

ሰኞ ሁለቱን ቁጥሮች ሰሌዳ ላይ በእጄ አባዛሁ። ጋሽ ወንዳፈረው ተነሥተው ውጤቱን አንድ በአንድ በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ። አሥራ አንድ። ከዚያ ገጽ አሥራ ስምንትን ገለጡ።

«ይኼ መስመር ለምን ባዶ ሆነ?»

ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ቀቢው ባልዲውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

«ምን ልጻፍ፣ ጋሼ?» ብሎ ጠየቀ።

«ቁጥሩን ጻፍ፤ ከሥሩ ያለውን አጥፋው።» ጠመኔውን ወደኔ ዘረጉ። «ሰባተኛ ቢ ሁለተኛ ፔሬድ ላይ ሒሳብ አላቸው። ከዚህ ባዶ መስመር ጀምሪላቸው።»